ኮምፒውተራችንና የሰባት ቤት ቆጠራ

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ለዓለም ያቀረበውን፣ ዊንዶውስ 10 በመባል የሚታወቀውን ሥርዓተ ክወና፣ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በኋላ በነጻ አልጠግንም፣ ቀዳዳ ቢገኝበትም አልደፍንም ብሎ አስቀድሞ በዐዋጅ ነግሮ ነበርና፣ ቀኑ በደረሰ ጊዜ እንደ ተናገረው አደረገ። ቃልን መጠበቅ በማናቸውም ዘመን የሚመሰገን ምግባር ነው፤ ሆኖም ይህኛው ቃል የተጠበቀው በእኛው ላይ ስለ ሆነ ምስጋናውን ለጊዜው አቆይተነዋል።

እኛ ስል የሰፈራችንን ዕድር ማለቴ ነው። ዕድሩ ከድንኳኑ፣ ከወንበሩ፣ ከብረት ድስቱና ከሰሐኑ ሌላ አንድ ላፕቶፕ አለው፤ እኔም ጸሐፊ እንደ መሆኔ መጠን የላፕቶፑ ጠባቂ ነኝ። መሣሪያው አገልግሎ በዱባይ በኩል የገባ፣ ጠርዙ የተፋቀ፣ ከመብራት ገመዱ ቢለዩት ወዲያው የሚያንቀላፋ፣ ነገር ግን የተሰጠውን ሥራ ሳያጉረመርም የሚሠራ ነው። ሥራውም ብዙ አይደለም፤ የወር መዋጮ የከፈለውን ካልከፈለው ይለያል፣ መተዳደሪያ ደንባችንን ያስቀምጣል፣ አባል ባረፈ ጊዜም የቤተ ሰቡን ዝርዝር አውጥቶ ማን የማን እንደ ሆነ ይነግረናል። ይህን ሁሉ በሰላም ሲያደርግ ኖሮ ነው እንግዲህ አንድ ማለዳ ገጹን ሙሉ የሚሸፍን መልእክት አውጥቶ፣ ዘመኑ እንዳለፈበት፣ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር እንደሚገባን፣ ዳሩ ግን እርሱ ራሱ ለመሸጋገር የማይበቃ መሆኑን ያስታወቀን። መሄድ አለባችሁ፣ ግን አትችሉም የሚል ትእዛዝ ከመሥሪያ ቤት ውጭ ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ነገሩ በወሩ ስብሰባ በሦስተኛ አጀንዳነት ቀረበ። የሟች ቤተ ሰብ ክፍያና የድንኳኑ እድሳት እንደ ተለመደው ብዙ ካነጋገሩ በኋላ ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ አመለከቱና ጉዳዩን በዝርዝር አስረዳሁ፤ አስረድቼም ስጨርስ በዕድሜም በአባልነትም ከሁላችን የሚቀድሙ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ አሁን ያለው ታሟል ወይ?»

«አልታመመም እማማ። ሐኪሙ ነው የተወው።»

«እስኪታመም ምን አስቸኮላችሁ ታዲያ? በደኅና ሰው ላይ ድንኳን ይተከላል?»

ጉባኤው ሳቀ፤ እኔ ግን ዛሬም ቢሆን፣ አለመሸጋገርን ደግፎ ከተጻፈው ሐተታ ሁሉ ከዚህ የጠነከረ ክርክር አላነበብሁም። ገንዘብ ያዣችን ደግሞ የተነሡት ስለ ደኅንነት ሳይሆን ስለ አንድ ቁልፍ ነበር። ሥራ የሚጀመርበት ያ ምልክት ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጀምሮ በግራ በኩል ከታች ጥግ ላይ ሲያገኙት የኖሩት ሲሆን፣ በዐሥራ አንደኛው ግን ወደ መካከል መዛወሩን ከልጃቸው ሰምተዋል፤ ስለዚህም «ማን ጠይቋቸው ነው ያዛወሩት?» እያሉ ጉባኤውን መረመሩት። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ወደ ግራ መመለስ እንደሚቻል ብነግራቸው፣ «የሚመለስ ከሆነማ ለምን ወሰዱት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። አንድ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ የአባል ልጅ፣ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት በነጻ እንደሚገኝና ለአሮጌ መሣሪያ እጅግ እንደሚስማማ በትሕትና አስረዳ፤ የተናገረውም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ወጣቱ በሚመጣው ወር ለሥራ ወደ ሐዋሳ እንደሚሄድ አባቱ ሲናገሩ፣ አስተማሪው የሚሄድበትን ትምህርት ማን ይጀምራል ተባለና ሐሳቡ በክብር ተሸኘ። በመጨረሻም ጸሐፊው አጥንቶ ያቅርብ የሚል ውሳኔ ተላለፈ፤ በዕድራችን ቋንቋ ይህ ማለት አጀንዳው ከጉባኤው ጫንቃ ወርዶ በእኔ ጫንቃ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ለጥናቱ ይረዳኝ ዘንድ በመጀመሪያ የእነዚህን መስኮቶች ዜና መዋዕል፣ ማን በማን እንደ ተተካ፣ እያገላበጥሁ ተመለከትሁ። ኤክስፒ ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ነገሠ፤ እስከ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ድረስም ከዐሥራ ሁለት ዓመት በላይ ገዛ፤ ሕዝቡም ስለ ወደደው ከተሻረ በኋላ እንኳ ብዙ መሥሪያ ቤት በስሙ ሲምል ኖረ። ቪስታ በጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ ተነሣ፤ እርሱ ግን ከባድና ዘገምተኛ ከመሆኑም በላይ ለያንዳንዱ እርምጃ ይፈቀድ ወይ እያለ ባለቤቱን የሚጨቀጭቅ ነበርና ፍቅር ሳያገኝ አለፈ። ስለ ፍርድ ሚዛን ሲባል አንድ ነገር ልናገርለት ይገባል፤ የአማርኛ የፊደል ገበታንና ኒያላ የተባለውን መልካም የፊደል ቅርጽ በሆዱ ይዞ የመጣ እርሱ ነው፤ ሦስተኛውን ሺህ ዓመት ለመቀበል ወራት ሲቀሩን ሃሌታው ሀ ሌላ ሶፍትዌር ሳይለምን በዊንዶውስ ላይ የታየው በዚህ በተጠላው መስኮት ነው። ሰባተኛው በጥቅምት 12 ቀን 2002 ዓ.ም. ወጥቶ ተወደደ። ስምንተኛው በጥቅምት 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ሲመጣ ገንዘብ ያዣችን የሚወዱትን ቁልፍ ጭራሽ አጥፍቶት ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በ8.1 በኩል ምልክቱን መልሶ አኖረው። ዘጠነኛ የሚባል የለም፤ ከስምንት ወደ ዐሥር ተዘለለ። ዐሥራ አንደኛውም መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ተከተለ።

ይህን የነገሥታት ዝርዝር ያዩ ሰዎች አንዱ መልካም፣ አንዱ ክፉ እየሆነ ይፈራረቃል ብለው ደምድመዋል፤ ስለዚህም ቪስታን ዘልለው ሰባተኛውን፣ ስምንተኛውን ዘልለው ዐሥረኛውን የያዙ፣ አሁንም ዐሥራ አንደኛውን ተሻግረው ገና ያልተወለደውን ዐሥራ ሁለተኛውን በተስፋ የሚጠባበቁ አሉ። እኔ በዕድል ቆጠራ አላምንም፤ ነገር ግን መቆየት የሚወድ ሰው ለመቆየቱ ምክንያት ሲያጣ ማየት ብርቅ ነው።

ከዚህ በኋላ ላፕቶፑን በጨርቅ ቦርሳ ይዤ በመገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ኮምፒውተር ቤት ሄድሁ። ቤቱ አንድ ሰው ቆሞ ሁለተኛው የሚቀመጥበት ብቻ ሲሆን፣ ግድግዳው በቻርጀርና በተፈታ ኪቦርድ ተሸፍኗል። ባለሙያው ልጅ እግር ነው፤ ላፕቶፑን ገልብጦ ሆዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ከፍቶት ጥቂት ነካካ።

«ጋሼ፣ ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ ግን ጀነሬሽኑ ስድስተኛ ነው።»

«እና?»

«ዐሥራ አንድ ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች አይቀበልም። ራሙ ይበቃል፣ አራት ነው የሚለው፣ እዚህ ስምንት አለ። ስቶሬጁም ስድሳ አራት ነው የሚፈልገው፣ ይበቃል። ቲፒኤሙም አለ። ጀነሬሽኑ ነው ያልደረሰው።»

ቲፒኤም የሚሉት የምስጢር ቁልፎችን ለብቻው ይዞ የሚጠብቅ፣ መሣሪያውም ሲነሣ የተነካካ ነገር መኖር አለመኖሩን ለማጣራት የሚረዳ ትንሽ ክፍል መሆኑን ልጁ አስረዳኝ፤ ዐሥራ አንደኛው ከዚህ ክፍል ሁለተኛውን እትም ይጠይቃል። እንግዲህ ዘበኛው በበሩ ቆሟል፣ ጎተራው ሰፊ ነው፣ የጎደለው የዘር ሐረግ ብቻ ነው። ኢንቴል የተባለው ፋብሪካ የሚሠራቸውን አንጎሎች በትውልድ ይቆጥራቸዋል፤ ማይክሮሶፍትም ከጥቂቶች በቀር እስከ ሰባተኛው ትውልድ ያሉትን ከልክሎ ከስምንተኛው ጀምሮ ያሉትን ፈቅዷል።

ይህን ስሰማ ሣቅሁ፤ ልጁ ግን ምን እንዳሳቀኝ አልገባውም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሁለት ወጣቶች ለተክሊል ሲታጩ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የእናትም የአባትም ሐረግ ተመዝዞ፣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከሰባት ቤት ወዲህ የሚገናኙ ከሆነ ጋብቻው ክልክል ነው፤ የሠርጉ ጠላ ቢጠመቅ፣ ድንኳኑም ቢተከል እንኳ ይፈርሳል። በሬድመንድ ከተማ የተቀመጡት መሐንዲሶች ከሊቃውንቶቻችን ጋር ተማክረዋል ብዬ አልጠረጥርም፤ ነገር ግን በየራሳቸው መንገድ ሄደው እዚያው ሰባት ላይ ደረሱ። ልዩነቱ የእኛው ሕግ የሚከለክለው ስለ ቅርበት፣ የእነርሱ ስለ ርቀት መሆኑ ነው። ሁለተኛም ልዩነት አለ፤ የእኛ ሽማግሌዎች ቆጠራውን የሚጀምሩት ከጥሎሹ በፊት ሲሆን፣ እኛ ይህን ላፕቶፕ ስንገዛ ግን ሻጩ «ኮር አይ ፋይቭ» እያለ ስሙን ብቻ ሲያሞካሽ አያቱን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ያን ጊዜ ትውልድ ይቆጠራል ብሎ የነገረንም የለም።

«ከፈለጉ ባይፓስ አድርጌ እጭንልዎታለሁ» አለኝ ልጁ፣ ፊቴን አይቶ አዝኖልኝ መሰለኝ።

«ማለት?»

«ቼክ የሚያደርገውን ዘልሎ ይጫናል። ብዙ ሰው ጭኜለታለሁ፤ ይሠራል።»

«ከዚያ በኋላ ጥገናው ይመጣልን?»

«አፕዴት? አሁን ይመጣል። ኩባንያው ግን መብት የላችሁም ነው የሚለው፤ ነገ ቢያቆመው ማንንም አይጠይቁም።»

እንግዲህ ከዐሥረኛው የምንሰደደው ጥገና ቀረብን ብለን ሆኖ ሳለ፣ ጥገናው የማይታመን ወደ ሆነው ወደ ዐሥራ አንደኛው በጓሮ በር መግባት ምን ይረባናል? አዲስ መሣሪያ ስንት እንደሚያወጣም ጠየቅሁት፤ ነገረኝ፤ እኔም የዕድሩን ሣጥን በዐይነ ኅሊናዬ ከፍቼ ወዲያው ዘጋሁት። ለሙት የተዋጣ ገንዘብ ነው።

ነገር ግን ከዋጋውም ከትውልዱም ይልቅ ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር፤ ይኸውም መተዳደሪያ ደንባችን ነው። ደንቡ በኮምፒውተር የተጻፈው የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ፊደላችን ወደዚያ መዝገብ የገባው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ትልቅ ችግር ነበረባቸው፤ በአንድ የፊደል ቅርጽ ውስጥ የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ሲሆን ከእርሱም ብዙው ለሌላ ሥራ የተያዘ ነው፤ የአማርኛው ገበታ ግን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ተባዝቶ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹን፣ አኃዙንና ነጥቦቹን ሳንቆጥር ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ በራሱ ፈቃድ ደለደለው፤ አንዳንዱም ለሁለት ከፍሎ በሁለት ቅርጽ አሠፈረው። የአንዱን ድልድል ሌላው አያውቀውም። የጥበብ ሥራ ነበር፣ ለዘመኑም ትልቅ ውለታ ነው፤ ውለታው የሚታወቀው ግን ፋይሉን የዚያ ሠሪ ቅርጽ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት ነው።

ይህንኑ ለማየት ደንቡን በፍላሽ ገልብጬ በልጁ ኮምፒውተር ላይ ከፈትሁት። አንቀጽ 7፣ አባል ሲሞት ለቤተ ሰቡ የሚከፈለውን የሚደነግገው፣ በመቶኛ ምልክት ይጀምራል፤ ቀጥሎ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት፣ ቆብ የደፋ ኤ፣ ሁለት ቅንፍ፣ ከዚያ የፓውንድ ምልክት፤ እንዲህ እያለ እስከ አራት ነጥቡ ይወርዳል፣ አራት ነጥቡም ራሱ ሌላ ነገር ሆኗል። ሙሉ ገጹን ሳየው፣ ሰው ሞቶ ለቤተ ሰቡ ስንት እንደሚከፈል ከዚህ ጽሑፍ የሚያወጣ መርጌታ በሀገሩ አይገኝም። ልጁ እንደ ነገረኝ የድሮው ቅርጽ ራሱ ተቀድቶ ቢጫን በዐሥራ አንደኛውም ላይ ጽሑፉ ይነበባል፤ መጻፊያው ሶፍትዌር ግን በ16 ቢት ዘመን የተሠራ ከሆነ አይነሣም፤ ዐሥራ አንደኛው የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነውና፣ የ64 ቢት ዊንዶውስም የ16 ቢት ሶፍትዌር አይቀበልም። ደንቡ ይነበባል፣ አይሻሻልም ማለት ነው፤ አንዳንድ የዕድራችን አባላት ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

ልጁ ላፕቶፑን ሊመልስልኝ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለውና የጥገናውን ቅንብር ከፈተ። ከፍቶም ትንሽ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አፕዴቱ ዝግ ነው። መጨረሻ የወሰደው ከብዙ ዓመት በፊት ነው።»

«ማን ዘጋው?»

«ስትገዙት የጫነላችሁ ይሆናላ። ሁላችንም እንዘጋዋለን፤ ፓኬጅ ይበላል፣ ሥራ መሐል ሪስታርት ያደርጋል፣ ደንበኛ ይጣላናል።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ኩባንያው ከጥቅምት 4 በኋላ አልጠግንላችሁም ስላለ ጉባኤ ጠርተን፣ አጀንዳ ይዘን፣ ታላላቆችን አናግረን ያዘንንበት ጥገና ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። እንደ ቀረብን የቆጠርነው ሁሉ ያልተቀበልነው ነበር። ይህ የእኛ ዕድር ብቻ ጉዳይ ቢሆን ባልጻፍሁት፤ ልጁ «ሁላችንም» ሲል ግን በመገናኛ ብቻ የሚያልፈውን ላፕቶፕ ብዛት አሰብሁና፣ ዐሥረኛው ወይስ ዐሥራ አንደኛው የሚለው ክርክር በብዙ ቤት ገና ጊዜው ያልደረሰ ቅንጦት መሆኑ ታየኝ።

ነገሩ ተራ እንዳልሆነ ለማስረዳት የግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ታሪክ ይበቃል። በዚያ ቀን ዋናክራይ የተባለው ተባይ ተለቅቆ በ150 ሀገሮች ገደማ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ቤዛ ጠየቀ፤ በእንግሊዝ ሀገር ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ተባዩ የገባበት ቀዳዳ መድፈኛ ከሁለት ወር በፊት ተሠርቶ በነጻ ታድሎ ነበር። ከተያዙትም የሚበዙት የተሻረው ኤክስፒ ያለባቸው ሳይሆኑ፣ ያን ጊዜ ገና በዙፋኑ ላይ የነበረው፣ ጥገናውም ያልተቋረጠበት ሰባተኛው ያለባቸው ነበሩ። የሚጎዳው እርጅናው ቢሆን ኖሮ ሰባተኛው በዳነ ነበር፤ የጎዳቸው የመጣላቸውን መድፈኛ አለመቀበላቸው ነው። እማማ «እስኪታመም ምን አስቸኮላችሁ» ያሉት ለሰው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ዓይነቱ በሽታ ግን መታመሙ የሚታወቀው የመዋጮው መዝገብ ከተቆለፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ማን እንደ ከፈለ ማን እንዳልከፈለ በመሐላ ልናጣራ ነው፣ በመሐላ ደግሞ ያልከፈለ አባል ኖሮን አያውቅም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ያቀረብሁት የጥናት ውጤት አጭር ነበር። ወደ ዐሥራ አንደኛው አሁን አንሸጋገርም፤ ትውልዳችን አይፈቅድም፣ በጓሮም አንገባም። በዐሥረኛው ላይ የተዘጋው ጥገና ይከፈታል፤ ያመለጠንም በሌሊት ፓኬጅ ይወርዳል፤ መብራት እንዳይሄድ ጸሎት ይደረጋል። ኩባንያው ለግል ተጠቃሚዎች አንድ ተጨማሪ ዓመት የማስጠበቂያ ጥገና የሚሰጥበት መንገድ ከፍቷል፤ የሚፈልግ 30 ዶላር ይከፍላል፣ ወይም በኩባንያው የሽልማት ነጥብ 1000 ይቀንሳል፣ ወይም የኮምፒውተሩን ቅንብር ከኩባንያው አካውንት ጋር አያይዞ እዚያ ያስቀምጣል። ዶላርም ነጥብም ስለሌለን ሦስተኛውን መረጥን። ዊንዶውሱ ከፋብሪካ ሕጋዊ ሆኖ የመጣ መሆኑን ልጁ አረጋግጦልናል፤ ያ ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ምክር በከንቱ ነበር። መተዳደሪያ ደንቡ በዩኒኮድ እንደ ገና ይጻፋል፤ የመዋጮው መዝገብም በሁለት ፍላሽ ተገልብጦ አንዱ በእኔ፣ አንዱ በገንዘብ ያዣው ቤት ይቀመጣል። ለአዲስ መሣሪያ በየወሩ ከያንዳንዱ አባል ጥቂት ብር ይዋጣ የሚለው ሐሳቤ ግን ለሌላ ጊዜ ይደር ተብሏል፤ ገንዘብ ያዣችን፣ ቁልፉ ወደ ግራ ካልተመለሰ አልሰበስብም ብለዋል።

የተራዘመው ዓመት የሚያበቃው ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው፣ አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም የቤትዎን ወይም የዕድርዎን ኮምፒውተር ዛሬ ማታ ይክፈቱና፣ ዐሥር ነው ዐሥራ አንድ ከማለትዎ በፊት፣ መጨረሻ የተጠገነበትን ቀን ይመልከቱ።